ሌሊቱን ሙሉ የሚመረምር የቼዝ ኮምፒውተር፦ የምርጫና የገጠማ ማስታወሻ

ቅዳሜ

የዚህ ሥራ ዓላማ አንድ አቋም (በሰሌዳው ላይ ያለ የጠጠሮች አቀማመጥ) ተሰጥቶት እስኪነጋ ድረስ ፍጥነቱ ሳይወርድ የሚመረምር ኮምፒውተር መግጠም ነው። የምጫወተው የደብዳቤ ቼዝ ነው። ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት ይሰጣሉ፤ በዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ውድድሮች ደግሞ በኢንጂን፣ ማለትም በቼዝ ተንታኝ ፕሮግራም፣ መታገዝ የተፈቀደ ነው። እኔም ተጋጣሚዬም ስቶክፊሽ የተባለውን ያንኑ ኢንጂን ከፍተን ነው የምንቀመጠው። ልዩነት የሚፈጥረው ለኢንጂኑ የምናቀርበው ጥያቄ እና ጥያቄውን የሚያብላላበት ማሽን ነው።

እስካሁን ያገለገለኝ ባለ4 ኮር ላፕቶፕ ነው፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚያሰላ ክፍል ነው። ከመሰናበቱ በፊት መነሻ መለኪያ እንዲሆነኝ ዛሬ ከባድ የመሃል ጨዋታ አቋም ሰጠሁት። በመጀመሪያው ደቂቃ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን በላይ አቋም ይቆጥራል። ፋኑ መጮህ ሲጀምር ቁጥሩም መንሸራተት ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመነሻው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ያህል ጠፋ፤ ከዚያ በኋላም እዚያው ዝቅ እንዳለ ቀረ። ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰር የሙቀት ጣራውን ሲነካ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀጭን ላፕቶፕ ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወጣበት በቂ ቦታ የለውም።

ሰነድ ለሚጽፍ ወይም ፎቶግራፍ ለሚያስተካክል ሰው ለጥቂት ደቂቃ የሚመጣ ጉልበት ይበቃዋል። በቼዝ ምርመራ ግን ኮሮቹ በሙሉ ለሰዓታት ያለ ፋታ ይሠራሉ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ዕቃ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ይሆናል፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍጥነቱ ስንት ነው? በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛ የጊጋኸርትዝ ቁጥር ይህን ጥያቄ አይመልስም። ያ ቁጥር አንድ ኮር ብቻውን ለአጭር ጊዜ የሚደርስበትን ነው የሚናገረው።

እሑድ፤ ፕሮሰሰር

ቀኑን ሙሉ በፕሮሰሰር ላይ ነው የዋልሁት። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባውም እሱ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሮችን እንዴት እንደማነብ ልጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤም ዲፕ ብሉ 480 ለቼዝ ብቻ የተሠሩ ቺፖች ነበሩት፤ በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቋም ይመረምር ነበር። ዛሬ የዚያን አሥረኛ ብቻ የሚቆጥር የቤት ኮምፒውተር ከእርሱ እጅግ የበረታ ነው፤ ምክንያቱም ስቶክፊሽ የማይረባውን ቅርንጫፍ ገና ከሥሩ ይቆርጣል፣ የቀረውንም በተሻለ ዓይን ይመዝናል። በሰከንድ የሚቆጠረው አቋም ብዛት የሚያገለግለው አንድን ኢንጂን፣ ያውም አንድን እትም፣ በሁለት ማሽኖች ላይ ለማወዳደር ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ኢንጂኖችን በዚህ ቁጥር ማበላለጥ ትርጉም የለውም።

ስቶክፊሽ ከፕሮሰሰር የሚፈልገው ምንድን ነው? የቼዝ ሰሌዳ 64 ቤት አለው፤ የዘመኑ ፕሮሰሰርም በአንድ ጊዜ 64 ቢት ያነሣል። የነጭ ወታደሮች በሙሉ የት የት እንደቆሙ በአንድ ቁጥር ይጻፋል፦ ወታደር ያለበት ቤት 1፣ የሌለበት 0። ወታደሮቹን ሁሉ አንድ እርምጃ ወደፊት መግፋት ያንን ቁጥር በ8 ቢት ማሸጋሸግ ብቻ ነው። ከፊታቸው የቆመ ነገር መኖሩን ማወቅም አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ይበቃዋል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሰሌዳውና ፕሮሰሰሩ ሳይመካከሩ የተገጣጠሙ ያህል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስቶክፊሽ አቋምን የሚመዝንበት የነርቭ መረብ፣ ከምሳሌ የተማረ የስሌት ሥርዓት፣ ነው። ዩ ናሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጃፓኑ ቼዝ ለሾጊ የፈጠረው ኤንኤንዩኢ የተባለው ዘዴ በ2020 በስቶክፊሽ 12 ውስጥ ገባ። ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ጠጠር ሲንቀሳቀስ የሰሌዳው አብዛኛው ክፍል እንደነበረ ይቀራል፤ ስለዚህ የመረቡ ትልቁ የመጀመሪያ ንብርብር እንደገና ከዜሮ አይሰላም፣ የተለወጠው ብቻ ይቀነሳል፣ ይደመራል። ስሌቱ የሚከናወነው በትንንሽ ሙሉ ቁጥሮች ነው። ፕሮሰሰሩ እነዚህን ቁጥሮች በጅምላ እያነሣ የሚደምርበትና የሚያባዛበት ትእዛዝ ካለው ሥራው ይፋጠናል፤ ኤቪኤክስ2፣ ኤቪኤክስ512 እና ቪኤንኤንአይ የሚባሉት ለዚህ ነው የሚጠቅሙት። በጣም ያረጀ ፕሮሰሰር ኮሩ ቢበዛም እዚህ ላይ ወደ ኋላ ይቀራል። ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከኮር ብዛት በፊት ኤቪኤክስ2 መኖሩን ያረጋግጥ።

አንድ ትንሽ ግን የምትቆረቁር ጉዳይም አለች። ስቶክፊሽ ቢኤምአይ2 የሚባል ትእዛዝ የሚጠቀም እትም አለው። በኤኤምዲ ዜን 1 እና ዜን 2 ፕሮሰሰሮች ላይ ከእነዚህ ትእዛዞች አንዱ፣ ፔክስት፣ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ በ2020 በወጣው ዜን 3 ተስተካክሏል። ስለዚህ በቀደሙት ላይ የኤቪኤክስ2ን እትም መጫን ይሻላል። የኮምፒውተሩ ጉልበት ሳይለወጥ በፋይል ምርጫ ብቻ ፍጥነት የሚጠፋበት ምሳሌ ነው።

ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ ጀምሮ ብዙዎቹ የቤት ፕሮሰሰሮች ሁለት ዓይነት ኮር ይዘው ይመጣሉ፤ ብርቱዎችና ኃይል ቆጣቢዎች። ቆጣቢዎቹ ለስቶክፊሽ ከንቱ አይደሉም፣ የየራሳቸውን ድርሻ ይጨምራሉ። ነገር ግን 24 ኮር ሲባል 24ቱም እኩል ናቸው ብሎ ማስላት አይቻልም። እኔ ሁሉም ኮር እኩል የሆነበትን እመርጣለሁ፤ መለካትም ማስተካከልም ይቀላል።

በሁለት ፕሮሰሰር የሚሠሩ ያገለገሉ የሰርቨር ማሽኖችንም ተመልክቻለሁ። የኮራቸው ብዛት ያማልላል። ሁለት ነገር መለሰኝ። የመጀመሪያው ጩኸታቸውና የሚበሉት ኃይል ነው፤ ይህ ማሽን የሚቀመጠው ሰው በሚተኛበት ቤት ነው። ሁለተኛው የትርፉ ማነስ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኢንጂኑ የሚደርስበት ጥልቀት፣ ወደፊት የሚያየው የእንቅስቃሴ ብዛት፣ በእጥፍ አይጨምርም፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቢገፋ ነው። ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የስሌት መስመሮች) ሲበዙ ደግሞ አንዱ የሠራውን ሌላው የሚደግምበት አጋጣሚም ይበዛል። ከ4 ኮር ወደ 16 መሄድ ትልቅ እርምጃ ነው። ከ16 ወደ 64 መሄድ ግን ለኔ ዓይነቱ ሥራ ከሚጠይቀው ጋር አይመጣጠንም።

ውሳኔዬ የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። 16 እኩል ኮር፣ 32 ትሬድ፣ ኤቪኤክስ512 ከቪኤንኤንአይ ጋር። ተተኪው 9950ኤክስ በኤቪኤክስ512 ይበልጠዋል። ልዩነቱ ግን ለማቀዝቀዣና ለራም የያዝሁትን የሚነካ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ማክሰኞ፤ ራም

ኢንጂን የመረመረውን አቋም መዝግቦ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሃሽ ይባላል። በሌላ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ያው አቋም ሲመጣ ከመዝገቡ ያነበዋል። ስቶክፊሽ ለአንድ መዝገብ 10 ባይት ይወስዳል፤ ሦስት ሦስቱን በ32 ባይት ሣጥን ያስቀምጣል። ሲሰላ 1 ጊጋ ባይት ወደ 100 ሚሊዮን መዝገብ ይይዛል። በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን አቋም የሚያይ ማሽን ይህን ለመሙላት ሌሊት አያስፈልገውም። ሳይነካ የሚመጣው የስቶክፊሽ ሃሽ ደግሞ 16 ሜጋ ባይት ብቻ፣ ትሬዱም 1 ብቻ ነው። ትልቅ ማሽን ገዝቶ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳይለውጥ የሚሠራ ሰው የገዛውን አልተጠቀመም።

ሃሹ በቂ መሆኑን ኢንጂኑ ራሱ ይናገራል። ሃሽፉል በሚል ስም ከ1000 ስንት እጁ እንደተሞላ ያሳያል። ለአምስት ደቂቃ ምርመራ ጥቂት ጊጋ ባይት ይበቃል። ለሌሊት ምርመራ 32 ጊጋ ባይት ለመስጠት አስቤ 64 ጊጋ ባይት ራም መረጥሁ፣ በሁለት ባለ32 ቁራጭ። በዚህ ማዘርቦርድ ላይ አራት ቁራጭ ሲሰካ የዲዲአር5 ራም ፍጥነት በእጅጉ ስለሚወርድ፣ በኋላ እጨምራለሁ ብሎ በትናንሽ ቁራጭ መጀመር አያዋጣም።

ረቡዕ፤ ግራፊክስ ካርድ

አብሮኝ የሚጫወት ወዳጄ ዝርዝሩን አይቶ ደወለልኝ።

«ስማ፣ ገንዘቡን ሁሉ ለምን በግራፊክስ ካርድ ላይ አታፈሰውም? ስቶክፊሽም የነርቭ መረብ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ነው። ግን መረቡ ትንሽ ነው፤ አንዱን አቋም መዝኖ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ወደ ካርዱ ልኮ መልሱን እስኪጠብቅ ፕሮሰሰሩ ብዙ አቋም ይጨርሳል።»

«ታዲያ ካርዱ ለምን ተጻፈ?»

«ለሊላ።»

ሊላ ቼስ ዜሮ በ2018 የተጀመረች፣ በ2017 መጨረሻ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረው ፕሮግራም አልፋዜሮ ያሳየውን መንገድ ተከትላ ለሁሉም ክፍት ሆና የተሠራች ኢንጂን ናት። መረቧ ትልቅ ነው፤ የምታየው አቋም ጥቂት ነው። ስቶክፊሽ በሚሊዮኖች ሲቆጥር እርሷ በመካከለኛ ካርድ ላይ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ትቆጥራለች። እያንዳንዱን ግን በጥሞና ትመዝናለች፤ አቋሞቹንም በጅምላ ሰብስባ ስለምትልክ ካርዱ ሥራ አይፈታም። ካርዱ የሚመዘነው በ16 ቢት ስሌት ፍጥነቱ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠሩት ቴንሰር ኮሮች ከ2018 ጀምሮ በኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርዶች ላይ አሉ። የካርዱ ራም ብዛት እዚህ ላይ ቀዳሚ ጥያቄ አይደለም። የምርመራውን ዛፍ ሊላ የምታስቀምጠው በዋናው ራም ነው፤ ለረጅም ሰዓት ስትሠራ የምትበላውም እሱን ነው።

ሁለት ዓይነት አእምሮ ያላቸው ኢንጂኖች ለምን አስፈለጉኝ? ሁለቱ ሲስማሙ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። ሲለያዩ ግን የምመራመርበት ቦታ እዚያ ነው፤ የደብዳቤ ቼዝ ነጥብ የሚገኘውም ከእንዲህ ያለው አቋም ነው። ስለዚህ 200 ዋት የሚበላ አርቲኤክስ 4070 መረጥሁ። በስቶክፊሽ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ካርዱን ይተወው፣ ማሳያ ስክሪን የሚያሠራ ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይመጣል።

ሐሙስ፤ ዲስክና ሌላው

ሲዚጂ የሚባሉት የማብቂያ ጨዋታ ፋይሎች ጥቂት ጠጠር ብቻ የቀረበትን ማንኛውንም አቋም ትክክለኛ ውጤት የያዙ ናቸው። እስከ 5 ጠጠር ያለው 1 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ከ6 ጠጠር ጋር ወደ 150 ጊጋ ባይት ይደርሳል። በ2018 የተጠናቀቀው ባለ7 ጠጠሩ ደግሞ ከ16 ቴራ ባይት በላይ ነው። ባለ6ቱን እወስዳለሁ፣ ባለ7ቱን ለቤት ማሽን አልመክርም። ኢንጂኑ በምርመራ መሃል እነዚህን ፋይሎች እየደጋገመ፣ ከየቦታው እየዘለለ ስለሚያነብ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ፍጥነቱን ይገድለዋል። የመረጥሁት የሚሽከረከር አካል የሌለውን ፈጣን ዲስክ፣ 2 ቴራ ባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ነው። ሰፊ ቦታ ካልተገኘ የማሸነፍና የአቻነት መረጃ ብቻ የያዘው ክፍል ለምርመራ ይበቃል፤ መጠኑም ከግማሽ በታች ነው።

ፓወር ሰፕላይ 750 ዋት። ፕሮሰሰሩ እስከ 230 ዋት ሊስብ ይችላል፣ ካርዱ 200፤ በላዩ ላይ ለሌላው ዕቃና ለመተንፈሻ የሚሆን ይተርፋል። ማቀዝቀዣው ባለ ሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። የውኃው ጥሩ ቢሆንም ፓምፕ አለው፤ ማንም ሳያየው ሌሊት ለሚሠራ ማሽን የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ቅዳሜ፤ ገጠማ

ገጠማው ያለ ችግር አለቀ። ልብ ያልሁት የአየሩ መንገድ ላይ ነው፦ ከፊት ሁለት ፋን ያስገባል፣ ከኋላና ከላይ አንድ አንድ ያስወጣል፣ የማቀዝቀዣው ፋንም በዚያው አቅጣጫ ይነፍሳል። ማሽኑን ከግድግዳው አራቅሁት።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። ስቶክፊሽን በ32 ትሬድ ከፍቼ ለቀቅሁት። ሙቀቱ ወዲያው ወደ 95 ዲግሪ ወጣ፤ እዚያም ቆመ። ይህ ፕሮሰሰር ሲሠራ ጀምሮ የተነደፈው እስከ 95 እየሮጠ እንዲሠራ ስለሆነ አያስደነግጥም። የፋኑ ድምፅ ግን ለመኝታ ቤት አይሆንም። ወደ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቼ ኃይሉን የሚገድበውን፣ ኢኮ ሞድ የሚባለውን፣ በ105 ዋት መደብ አበራሁት። ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ አስደሰተኝ። ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ወረደ፣ ፋኑ ረጋ፣ የጠፋው ፍጥነት ግን ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። ፕሮሰሰሮች የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት የሚያቃጥሉት ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩን ተመለከትሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ ከነበረው ጋር ያው ነው። ማሽኑን የገጠምሁት ለዚህች ቁጥር ነበር።

እሑድ፤ ኢንጂኑን ማዘጋጀት

የምሠራበት ሊኑክስ ነው። ስቶክፊሽን ከምንጭ ኮዱ እዚሁ ማሽን ላይ ኮምፓይል አደረግሁት፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀየርሁት፤ ሂደቱ ፕሮሰሰሩን አይቶ የሚስማማውን ትእዛዝ ይመርጣል፣ ከዚያም ፕሮግራሙን እያሠራ ራሱን ያስተካክላል። የተዘጋጀ ፋይል የሚያወርድ ሰው ሁለት ሦስቱን እትም አውርዶ «ቤንች» የሚለውን የፍጥነት መለኪያ ትእዛዝ በየተራ ይስጣቸው፤ የሚፈጥነውን ያስቀር።

ራሙ በትላልቅ ክፍሎች እንዲመደብ የሚያደርጉትን ትላልቅ የራም ገጾችንም ማብራት ይገባል። በሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሠራል፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ለተጠቃሚው ልዩ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። የስቶክፊሽ ሠሪዎች የሚጠቅሱት የተለመደ ትርፍ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ሃሹ በተለቀ ቁጥር ጥቅሙ ይጎላል።

16 ትሬድ ይሻላል ወይስ 32? በ32 የአቋም ቆጠራው ከፍ ይላል፣ በእጥፍ ግን አይደለም፤ ሁለት ትሬድ አንድ ኮር ይጋራሉና። ቆጠራ ብቻውን ስለማያሳምነኝ፣ ከራሴ ጨዋታዎች መፍትሔያቸውን የማውቃቸውን አቋሞች ሰጥቼ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ እስኪይዝ የፈጀበትን ጊዜ ለካሁ። በብዙ ትሬድ ሲሠራ ስቶክፊሽ ያንኑ አቋም ሁለት ጊዜ ቢሰጡት በሁለቱም አንድ ዓይነት መንገድ አይሄድም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ደጋግሞ ለክቶ መካከለኛውን መውሰድ የግድ ነው። 32ቱ በጥቂቱ ይበልጣሉ። እኔ በ30 ረጋሁ፤ ሁለቱ ለሰሌዳው ፕሮግራምና ለሌላ ሥራ ይቀራሉ።

ማክሰኞ፤ የሺሮቭ ጳጳስ

ማሽኑን በታወቀ አቋም ላይ ልየው ብዬ የታላላቆቹን ተጫዋቾች የቶፓሎቭንና የሺሮቭን የ1998 የሊናሬስ ውድድር ጨዋታ ከፈትሁ፤ ጥቁር 47ኛውን ሊጫወት ነው። ጥቁር ሁለት ወታደር ይበልጣል፤ ግን ጳጳሶቹ በተለያየ ቀለም ቤት የሚሄዱ ስለሆኑ አቻ የመውጣት አደጋ አለ። የጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ነው፤ ወደ ኢ4 ሊደርስ ይፈልጋል። መንገዱ ላይ ኤፍ5ን የያዘው የራሱ ጳጳስ ነው። ነጭ ንጉሥ ከጂ1 ተነሥቶ በሁለት እርምጃ ኢ3 ከደረሰ በሩ ተዘጋ። ሺሮቭ ጳጳሱን ኤች3 ላይ ጣለው። ነጭ በወታደሩ ሲበላው አንድ እርምጃ አለፈው፤ የጥቁር ንጉሥ ኤፍ5፣ ከዚያ ኢ4 ገባ፣ ነጭ ንጉሥም ገና ኤፍ2 ላይ ነበር። የኤ እና የዲ ወታደሮች ቀሪውን ጨረሱት።

በዚያ ዘመን ለነበሩ ኮምፒውተሮች ይህ ጳጳስን በከንቱ መስጠት ነበር። የዛሬ ስቶክፊሽ በአሮጌ ላፕቶፕም ያገኘዋል፤ ስለዚህ ፍጥነት ለመለካት አይሆንም። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው፦ ኢንጂኑ አራት አማራጭ መስመር በአንድ ጊዜ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ምን ይሆናል? በሰከንድ የሚቆጥረው ያው ሆኖ የሚደርስበት ጥልቀት በግልጽ ዝቅ አለ። አንዱን ምርጥ እንቅስቃሴ ብቻ ሲፈልግ የሚቆርጣቸውን ቅርንጫፎች አሁን መመርመር አለበት። የእጥፍ ፕሮሰሰር ያህል ጉልበት በአንድ ምልክት ሊባክን ይችላል። አዲስ አቋም ስከፍት በአራት መስመር ለጥቂት ደቂቃ አያለሁ፤ የተስፋ ጭላንጭል ያላቸውን ከለየሁ በኋላ ለሌሊቱ ወደ አንድ መስመር እመልሰዋለሁ።

ዓርብ

አሁን የተረጋጋው አሠራር ይህ ነው። ቀን ቀን ሁለቱን ኢንጂኖች ጎን ለጎን እከፍታለሁ፦ ስቶክፊሽ በ26 ትሬድና በ16 ጊጋ ባይት ሃሽ፣ ሊላ በካርዱ ላይ። ሊላ ካርዱን የሚመግቡ ጥቂት ትሬዶች ስለምትፈልግ ለእርሷ የሚሆን ይቀራል። ማታ የተለያዩበትን አቋም መርጬ ስቶክፊሽን በ30 ትሬድና በ32 ጊጋ ባይት ለብቻው እለቀዋለሁ። ጠዋት መጀመሪያ የማየው ሃሽፉልን ነው፤ ትናንት በተከፈተ አቋም ላይ 1000 ሞልቶ አገኘሁት፣ በማብቂያ ጨዋታ ላይ ግን ከግማሽ አላለፈም። ከዚያ የሌሊቱን መስመር እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ ወደፊት እሄድበታለሁ፤ ግምገማው የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ስደርስ እቆምና ከዚያ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሃሹ ስላልተጠረገ ወደ ኋላ በተመለስሁ ቁጥር ኢንጂኑ ያየውን ይዞ ይጠብቀኛል። ቀጥሎ የምፈትነው የሊላን ትላልቅ መረቦች ነው፤ በዚህ ካርድ ላይ ትልቁ መረብ ከትንሹ የሚበልጠው ስንት ደቂቃ ሲሰጠው እንደሆነ በእነዚያው አቋሞች ላይ እለካለሁ።